ያበጠው የኒክሰን እግር እና የደም መርጋት ሕክምና አማራጮች

የዛሬው ጽሑፋችን በእግር ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ስለሚፈጠር የደም መርጋትና ስለሕክምና አማራጮቹ ነው። ጉዳዩን ለማስረዳት በዚህ ሕመም ሞትን ደጋግመው የተጋፈጡ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ እንነግርዎታለን። ሰውየው የአሜሪካ 37ኛው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። በእሳቸው አንድ እግር ላይ የዘመኑ ዋና ዋና ሕክምናዎች ተራ በተራ ስለተሞከሩ፣ የአንዱን ጥቅምና የሌላውን ጉዳት ለማነጻጸር ይመቻል።

አስቀድመን ግን ነገሩን ወደ ቤትዎ እናቅርበው። እርስዎ የሚኖሩት በሰሜን ሸዋ፣ ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ከተማ ነው እንበል። ከሁለት ሳምንት በፊት የወለደችው ምራትዎ አንድ እግሯ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ አበጠ። ባቷ ሲነካ ያማታል፤ ቆዳው ከሌላው እግሯ ይልቅ ይሞቃል። አንዱ ጎረቤት ብርድ ነው ይላል። ሌላዋ ወጌሻ ቢያሻት ይለቃታል ትላለች። ሌላው ደግሞ በአካባቢው የሚታወቀውን ዝሆኔ ይጠረጥራል። እርስዎስ ምን ያደርጋሉ? ይህን ጥያቄ ይዘው ታሪኩን ይከተሉን፤ መጨረሻ ላይ ወደ ምራትዎ እንመለሳለን።

ከሎሚ እርሻ እስከ ነጩ ቤተ መንግሥት

ኒክሰን በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1905 ዓ.ም በካሊፎርኒያ ግዛት ዮርባ ሊንዳ በተባለች ትንሽ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የሎሚ እርሻ ሞክረው ስላልተሳካላቸው ቤንዚን ማደያና ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ከፍተው ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። ኒክሰን በወጣትነታቸው ሁለት ወንድሞቻቸውን በሞት ተነጥቀዋል። ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ፖለቲካው ገቡ። በ40 ዓመታቸው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ምክትል ለመሆን በቁ።

አገራችንንም ያውቋታል። በ1949 ዓ.ም በጋና የነጻነት በዓል ላይ ለመገኘት ወደ አፍሪካ በመጡበት ጉዞ አዲስ አበባን ጎብኝተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ንጉሠ ነገሥቱን በ1961 እና በ1965 ዓ.ም በዋሽንግተን ተቀብለው አስተናግደዋል።

የእግራቸው ችግር የጀመረው ቤተ መንግሥት ከመግባታቸው በፊት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ጃፓን በተጓዙበት ጊዜ ግራ እግራቸው በደም ሥር መቆጣት ታመመ፤ ኋላም ተሻላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አንድ ጊዜ በእግሩ ደም የረጋበት ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ ማንኛውም ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ይህን ታሪክዎን መንገር አይርሱ።

የተናቀው ምክር

በሰኔ 1966 ዓ.ም ኒክሰን በሁለት በኩል ተወጥረው ነበር። በአንድ በኩል ዋተርጌት የተባለው ቅሌት ሥልጣናቸውን እያናጋ ነበር። ነገሩ የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት በሌሊት መሰበሩንና ወንጀሉን ለመሸፈን የተደረገውን ሙከራ የሚመለከት ነው። በሌላ በኩል ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚያደርጉት ታላቅ ጉዞ ደርሶ ነበር። በዚሁ መሐል ግራ እግራቸው እንደገና አበጠ። ሐኪሞቻቸው ጉዞውን እንዲተዉና እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲያርፉ መከሯቸው። እሳቸው ግን አልሰሙም። ከሰኔ 3 እስከ 12 ባሉት ቀናት በኦስትሪያ በኩል አድርገው ወደ ግብፅ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሶሪያ፣ እስራኤልና ዮርዳኖስ ተጓዙ። በግብፅ በእልልታና በጭብጨባ የሚቀበላቸውን ሕዝብ በባቡር ላይ ለረጅም ሰዓት ቆመው ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሶቪየት ኅብረት በረሩ።

በዚያን ጊዜ በእግር ውስጥ ምን ይሆናል? ደም ከልብ ወደ እግር ለመውረድ አይቸገርም፤ ወደ ላይ ለመመለስ ግን እገዛ ይፈልጋል። የባት ጡንቻ ስንራመድ ሥሮቹን እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉ ትናንሽ በሮች ደግሞ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጉበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ በጻፋቸው ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ፣ ዛሬ ሐኪሞች ደም የሚረጋባቸውን ሦስት ምክንያቶች ይቆጥራሉ። እነሱም የደም ዝውውር መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት፣ እና ደሙ ራሱ ለመርጋት ይበልጥ መዘጋጀቱ ናቸው። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ፣ በሕመም ወይም በስብራት አልጋ ላይ መዋል፣ ቀዶ ሕክምና፣ ካንሰር፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱን ወይም ከአንድ በላይ የሚሆኑትን ያመጣሉ።

ኒክሰን ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም ከሥልጣን ለቀቁ። ከወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም፣ የእኛው ንጉሠ ነገሥትም ከዙፋን ወረዱ። ከዚያ በ11ኛው ቀን፣ መስከረም 13፣ ኒክሰን በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች በሚገኝ ሆስፒታል ተኙ። እግሩ ካበጠ ሦስት ወር አልፎታል።

መርፌው፣ ክኒኑ እና ቢላዋው

ሆስፒታል በገቡ በሁለተኛው ቀን በተደረገ ምርመራ በቀኝ ሳንባቸው ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ከእግር ሥር የተቆረሰ ቁራጭ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ተወትፏል ማለት ነው። የዚህ በሽታ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። እግር ማበጡ ያሳምማል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም፤ የሚገድለው ወደ ሳንባ የሚሄደው ቁራጭ ነው። ቁራጩ ትልቅ ከሆነ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

የመጀመሪያው ሕክምና ሄፓሪን የተባለው መርፌ ነበር። ሄፓሪን ወዲያውኑ ይሠራል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የረጋውን ደም አያቀልጥም። ደሙ ተጨማሪ እንዳይረጋና ያለውም እንዳያድግ ያግዳል፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነት ራሱ ነው። ለሰውነት ጊዜ የሚገዛለት መድኃኒት ነው ቢሉ አይሳሳቱም።

ሁለተኛው ዋርፋሪን የተባለው ክኒን ነው። የዚህ መድኃኒት ምንጭ ከብት አርቢ የሆነን አንባቢ ያስገርማል። በሰሜን አሜሪካ ሻጋታ የበላው የመኖ ድርቆሽ የተመገቡ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ከዚያም ዋርፋሪን ተሠራ። መጀመሪያ የአይጥ መርዝ፣ ኋላ የሰው መድኃኒት ሆነ። የኒክሰን አለቃ የነበሩት አይዘንሃወርም ልባቸውን በታመሙ ጊዜ ወስደውታል። ዋርፋሪን ርካሽ ነው፤ ግን ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ5 ቀናት ከመርፌው ጋር አብሮ ይሰጣል። መርፌው የሚቆመው አይኤንአር የተባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 ባለው ልክ ውስጥ ሲገባ ነው። ከ2 ካነሰ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል፤ ከ3 በላይ ከወጣ ደግሞ የመድማት አደጋ ይጨምራል።

ኒክሰን መስከረም 24 ክኒኑን ይዘው ከሆስፒታል ወጡ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን እግሩ ተባብሶ ጥቅምት 13 ተመለሱ። ሐኪሞቹ ሌላ ትልቅ ቁራጭ ተነስቶ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ሰጉ። ጥቅምት 19 ቀዶ ሕክምና ተደርጎ በግራ በኩል ከእግር ወደ ሆድ በሚወጣው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ላይ የፕላስቲክ ቅንጥብ ተገጠመ። ቅንጥቡ ደሙን እያሳለፈ ትልልቅ ቁራጮችን ያግዳል።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ሲባል ሌላ አደጋ መጣ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኒክሰን የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። ውስጥ ውስጡን እየደሙ ነበር። ደም እንዳይረጋ የተሰጣቸው መድኃኒት በቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ ሲጨመር ደሙ የሚቆምበት አጣ። ደም ተሰጥቷቸው ለጥቂት ተረፉ። ኅዳር 5 ቀን ከሆስፒታል ወጡ። በዚያው ወር በፍርድ ቤት የተመደቡ ሦስት ሐኪሞች መርምረዋቸው ለምስክርነት ለመቅረብ አቅም እንደሌላቸው አረጋገጡ። የቀድሞ ረዳቶቻቸው የተከሰሱበት ችሎት ያለ እሳቸው ቃል ተጠናቀቀ።

ኒክሰን ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ገደማ ኖረዋል፤ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ተጉዘዋል። በ81 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1986 ዓ.ም፣ በአንጎል ምት አረፉ። ምቱን ያመጣው ደግሞ በልብ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል የሄደ ደም ነው።

ዛሬ ያሉት አማራጮች

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በዚያ ዘመን የእግርን ሥር ለማየት ቀለም በመርፌ ሰጥቶ ራጅ ማንሳት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ዶፕለር አልትራሳውንድ ያለ መርፌና ያለ ሕመም ያሳያል። ቀድሞ ሕመምተኛው ለቀናት እንዳይነሳ ይታዘዝ ነበር፤ ዛሬ ግን መድኃኒቱ ከተጀመረና አቅሙ ከፈቀደ መራመድ ይበረታታል።

ኤኖክሳፓሪን የተባለው አዲሱ የሄፓሪን ዓይነት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። በሰውነት ክብደት ተለክቶ ስለሚሰጥ ብዙ የደም ምርመራ አይጠይቅም። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚመረጠውም ይኸው መርፌ ነው፤ ዋርፋሪን በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላልና።

ሪቫሮክሳባን እና አፒክሳባን የተባሉት አዳዲስ ክኒኖች ደግሞ ወዲያው ይሠራሉ፤ መርፌም የአይኤንአር ክትትልም አይፈልጉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እነዚህን መሰል ክኒኖች አካቷል። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው። ድክመታቸው ከዋርፋሪን በዋጋ መወደዳቸው ነው። ደግሞም ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት፣ ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳና ሰው ሠራሽ የልብ በር ለተገጠመለት ሰው አይሰጡም። አንድ ቀን መዝለልም በእነዚህ ክኒኖች አደገኛ ነው፤ ኃይላቸው ቶሎ ከሰውነት ይወጣል።

የረጋውን ደም በእርግጥ የሚያቀልጥ መድኃኒትም አለ። ነገር ግን የመድማት አደጋው ከፍተኛ ስለሆነ የሚሰጠው በሳንባ ውስጥ ባለ የረጋ ደም ግፊቱ ለወረደ ወይም እግሩን ሊያጣ ለደረሰ ሰው ነው። የኒክሰን ቅንጥብ ዛሬ ቀርቷል። በምትኩ በቀጭን ቱቦ ገብቶ በሆድ ትልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ማጣሪያ አለ። እሱም ቢሆን የሚታሰበው የደም ማቅጠኛ መውሰድ ለማይችል ሰው ነው። ጠባቡ የሕክምና ካልሲ ደግሞ እብጠቱንና ሕመሙን ያቀላል እንጂ መድኃኒቱን አይተካም።

የትኛው ይሻላል ብለው ከጠየቁ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሐኪሙ የሚመዝነው የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ኩላሊትና ጉበት፣ እርግዝናና ጡት ማጥባት፣ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች፣ አቅምና የመኖሪያ ርቀት ነው። የጋራ የሆነው ነገር የሕክምናው ጊዜ ነው፤ ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል። ያለ ግልጽ ምክንያት የረጋ ከሆነ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ በራስዎ አያቋርጡ።

ወደ ራቤል እንመለስ

አሁን ምራትዎ ዘንድ እንመለስ። አራስ ናት፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም ለመርጋት የሚያጋልጡ ዋና ጊዜያት ናቸው። ያበጠው አንድ እግሯ ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት ቀን ውስጥ። ዝሆኔ ግን በባዶ እግር ለዓመታት አፈር በመርገጥ ከውስጥ እግርና ከጣቶች ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ብዙውን ጊዜም ሁለቱንም እግር የሚይዝ ነው። ስለዚህ ብርድ ነው ብለው አይጠብቁ። ወጌሻም እንዲያሻት አይፍቀዱ፤ የረጋ ደም ያለበት እግር ሲታሽ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትላካለች። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ጉዳዩ የሰዓታት ሳይሆን የደቂቃዎች ነው፤ ያገኙትን ተሽከርካሪ ይያዙ።

ደም መርጋቱ ከተረጋገጠ ሕክምናዋን መገመት ይችላሉ። ታጠባለችና አዳዲሶቹ ክኒኖች አይመረጡላትም። በመርፌ ትጀምራለች፤ ከዚያ ወደ ዋርፋሪን ትዛወራለች፤ ዋርፋሪን ወስዳ ማጥባት ትችላለች። ችግሩ የአይኤንአር ምርመራ በሁሉም ጤና ተቋም አለመገኘቱ ነው። መጀመሪያ ላይ መመላለስ ግድ ይላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ምርመራው የት እንደሚደረግ፣ በስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ለደርሶ መልሱ የሚያስፈልገውን ወጪ ጭምር ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። መንገዱ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ በግልጽ ይናገሩ፤ ሐኪሙ መርፌውን ለማራዘም ወይም ሌላ አማራጭ ለመፈለግ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው።

ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ጥቂት ምክሮች እንጨምር። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። አይብሉ ማለታችን አይደለም፤ መጠኑን አያለዋውጡ ነው። በጾም ወራት ጎመን በገበታ ላይ ሲበዛ፣ በፍስክ ደግሞ ሲያንስ፣ የደሙ ልክ ሊዛባ ስለሚችል ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሪቫሮክሳባን የሚወስድ ሰው ደግሞ ክኒኑን ከምግብ ጋር መዋጥ ስላለበት፣ ለሚጾም ሰው ሰዓቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ መድማትን ያባብሳሉ። ለራስ ምታት ቢፈልጉ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ለእሱም ሐኪም ያማክሩ። የባሕል መድኃኒትም ሆነ አልኮል ከመውሰድዎ በፊት ይጠይቁ። ጥቁር ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የማይቆም ነስር፣ ወይም ጭንቅላትን ከተመቱ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ኒክሰን የግል ሐኪም፣ አውሮፕላንና የዘመኑ ምርጥ ሆስፒታል ነበራቸው። ያም ሆኖ ያበጠ እግራቸውን ችላ ብለው በተጓዙ በወራት ውስጥ ከሞት አፋፍ ደረሱ። ለእሳቸው ያልነበረው ብዙ አማራጭ ዛሬ አለ። አንዱ መርፌ፣ አንዱ ክኒን፣ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ውድ ነው፤ ሁሉም ግን የሚጠቅመው ሕመምተኛው በጊዜ ሲደርስ ነው። አንድ እግር ብቻ ድንገት ካበጠ፣ በዚያው ቀን ይመርመሩ።